የአጎቴ ቅንድብ ጠባሳ፦ የአደን ጠመንጃ ላይ መነጽር መግጠም እንዴት እንደተማርኩ

አጎቴ ቀኝ ቅንድብ ላይ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ጠባሳ አለች። ሰው ሲጠይቃቸው "አጨዳ ላይ ነው፣ ማጭድ ነው" ይላሉ። ማጭድ አይደለም። እኔን በሰው ፊት ላለማሳፈር ብለው ነው እንጂ ያቺን ጠባሳ ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጠመንጃቸው ላይ መነጽር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ የማለሚያ ቱቦ) ገጥሜ "ጋሼ፣ አልቋል፣ ይተኩሱ" ያልኳቸው ቀን የመጣች ናት።

ሥራዬ ሰዓትና ካሜራ መጠገን ነው፤ ጎንደር ፒያሳ፣ ባለ አንድ በር ቤት ውስጥ። የፊልም ካሜራ ሲሞት ሰዓቱ ቀረኝ፣ ሰዓቱ ሲቀዘቅዝ የስልክ ስክሪን ጨመርኩበት። አጎቴ ታዲያ "የሰዓት ሆድ ዕቃ የሚፈታ እጅ አራት ብሎን ማሰር ያቅተዋል?" ብለው ነው ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው የመጡት። እኔም አላቅማማሁም። ማሰሩማ አላቃተኝም። ሥራው ማሰር ብቻ መስሎኝ ነው የተሳሳትኩት።

ይህን የምጽፈው ሕጋዊ ወረቀት ያለው የአደን ጠመንጃ ኖሯችሁ መነጽር ለመግጠም ለምታስቡ ነው። ብዙ ሰው ጠመንጃው ሲስትበት ወይ መነጽሩን ይሰድባል፣ ወይ ዓይኑን ይጠራጠራል፣ ወይ ጥይቱን ያማል። እኔ ያየሁት ስህተት አብዛኛው የተሠራው ጠረጴዛ ላይ፣ ገና ጥይት ሳይጎርስ ነው። ደግሞም ቃል እንዳያጣላን፦ ቃታ የምለው በእጅ ወደ ኋላ የሚጎተተውን፣ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት ነው፤ በጣት የሚሳበውን ምላጭ እለዋለሁ።

አጎቴ ሁለት ጠመንጃ ነበራቸው። አንደኛው ከአያቴ የወረሱት በልጅግ ነው። ስሙ እንደሚለው ከቤልጅግ አገር፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ካስመጣቸው ማውዘሮች አንዱ። ሁለተኛው ፋብሪካው ራሱ ለአደን ብሎ የሠራው፣ 30-06 የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ነው። 30ው የአፈሙዙ ስፋት ነው፤ 06ቱ ደግሞ ጥይቱ በአሜሪካ ጦር ሥራ ላይ የዋለበት የ1906 እ.ኤ.አ. ምልክት ነው። ይህንን ያገኙት ለብዙ ዓመት በባሌና በአርሲ ደጋ ለአዳኞች መንገድ መሪ ሆነው ሲሠሩ ነው፤ ወረቀቱም በስማቸው ነው።

መጀመሪያ እንዲገጠምላቸው የፈለጉት በልጅጉ ላይ ነበር፤ ልባቸው እሱ ላይ ነው። ያን እንቢ በማለቴ ብቻ እስከ ዛሬ ራሴን አመሰግናለሁ። የድሮ የጦር ሜዳ ማውዘር ከላዩ ቀዳዳ የለውም። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ በትራፓኖ ለመብሳት ማሰሪያ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ቀዳዳው በጸጉር ስንጥቅ ያህል ከመስመር ቢወጣ መነጽሩ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጎን ሲያይ ይኖራል። ይህም አልፎ ቃታው ወደ ላይ ሲነሳ እጀታው መነጽሩን ይመታል፣ የኋላው ጥንቃቄም (እንዳይተኩስ የሚይዘው ቁልፍ) እንዲሁ፤ አምስቱ ጥይት ከላይ በአንዴ የሚገባበት መንገድም ይዘጋል። በልጅግ እንዳለ ይቀመጥ፣ ታሪክ ነው። የአደኑ ጠመንጃ ግን ከፋብሪካው አራት ቀዳዳ ይዞ የመጣ ስለሆነ እሱን ጀመርኩ።

እንዲህ ነው የጀመርኩት፦ ማታ ነው፣ መብራት ሄዷል፣ ሻማና የስልክ መብራት። መሠረቱን (መነጽሩ የሚያርፍበትን ሐዲድ) ከነቅባቱ አስቀመጥኩት። አራቱን ብሎን በእጄ የገባውን በፊቴ ባገኘሁት ቀዳዳ አሰርኩ። መነጽሩን የሚያቅፉትን ቀለበቶች ጫንኩ፣ መነጽሩን አስተኛሁባቸው፣ በራሴ ዓይን አየሁ፣ መስቀሉ (ውስጡ የሚታየው የማለሚያ መስመር) ቀጥ ያለ መሰለኝ። ከዚያ አለን ቁልፉን በረጅሙ ክንዱ ይዤ እስኪያቃስት አጠበቅኩት። ለሰዓት ሲሆን የሚሳሳው እጄ ለጠመንጃ ሲሆን "ብረት ነው፣ ይችላል" አለ።

በማግሥቱ በአዘዞ፣ በአይከል አድርገን ወደ ገንዳ ውኃ ወረድን። አጎቴ እዚያ ሰሊጥና ማሽላ አላቸው፤ ከርከሮ ማሽላውን እያረሰ አስመርሯቸው ከወረዳው ፈቃድ ጠይቀዋል። ለቀበሌውም፣ ለጎረቤት እርሻዎቹም "ዛሬ ዒላማ እንተኩሳለን" ብለው አስቀድመው ተናግረዋል። ያኔ ተኩስ ሲሰማ ሰው ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ ነው ብሎ ያልፍ ነበር፤ አጎቴ ግን ሳይናገሩ አይተኩሱም። ዛሬማ ጊዜው ሌላ ነው። የአካባቢያችሁ ጸጥታ የማይፈቅድ ከሆነ መነጽሩ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ፣ አይሻግትም።

ካርቶን ላይ የቡና ሲኒ አፍ ገልብጬ በከሰል ክብ ሠራሁና 100 ሜትር ላይ አቆምኩት፤ ከኋላው የአፈር ቁልል አለ። የመጀመሪያዋ ጥይት ካርቶኑንም አልነካችም። ሁለተኛዋም። 50 ሜትር ላይ አቀረብነው፤ አንዷ የካርቶኑን ጥግ፣ ቀጣይዋ ሌላውን ጥግ። እኔ ከጎን ቆሜ የመነጽሩን ማስተካከያ ቁልፍ ወዲህ አዞራለሁ፣ ወዲያ አዞራለሁ። ሲያልቅ ሲያልቅ አጎቴ "አይታየኝም፣ ዙሪያው ጥቁር ነው" እያሉ አንገታቸውን ወደ መነጽሩ ሰገግ አድርገው ምላጩን ሳቡት። ጠመንጃው ሲራገጥ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድባቸውን ቆረጠው። ደሙ ነጩ ጋቢያቸው ላይ ወረደ። ጤና ጣቢያ ሄደን ሦስት ቦታ ተሰፋ። ከመሄዳችን በፊት ግን ቁጭ ብለው ቀለሁን ለቅመው ቆጠሩት፤ 17። ያን ጊዜ 30-06 ተፈልጋ፣ በአማላጅ የምትገኝ ጥይት ነበረች። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠመንጃው እስከ ጥር በነጠላው ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ለጥምቀት ከአጎቴ ጋር ባሌ አብሮ የሠራ ሰው ጎንደር መጣ። እኝህ እንግዳ ሥራቸው የአዳኞችን ጠመንጃ መያዝና ማዘጋጀት ነበር። ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ተመልሶ ከገባ በኋላ ሁለት ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብለው የሠራሁትን አብረን ፈታን። ከዚህ በታች ያለው እሳቸው ያሳዩኝና እኔ ከዚያ ወዲህ የደጋገምኩት ነው።

እንግዳው ጠመንጃውን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ያደረጉት ቃታውን ስበው ጥይት የሚጎርስበትን ቤት በዓይናቸው አዩ፣ ቀጥሎ ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱ። ካዝናውን ባዶ አደረጉ፣ ቃታውን አወጡና ሌላ ወንበር ላይ አኖሩት። ጥይት የሚባል ነገር ከክፍሉ አስወጡ። "ባዶ ነው" ስላቸው "አውቃለሁ" አሉና ያንኑ ደገሙት። ይህን ያላደረገ ሰው የቀረውን ባያነብ ይሻለዋል።

ከዚያ ቃታውን አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ጫፉ ላይ ጥይቱን የሚቆልፉት ሁለት ጆሮዎች አሉ፤ በአንደኛው ጆሮ ላይ ቀጭን አዲስ ጭረት፣ ብር የመሰለ። "ይኼ ምንድነው?" አሉኝ። አላውቅም። መሠረቱን ፈተን ብሎኖቹን ወረቀት ላይ ደረደርናቸው። አራቱ እኩል አልነበሩም። ሁለቱ በሁለት ሚሊሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ረጃጅሞቹ ለኋላው፣ ብረቱ ወፍራም ለሆነበት ነው የተሠሩት። እኔ አንዱን ረጅም ፊት ላይ አስገብቼው ጫፉ ከውስጥ በኩል ወጥቶ ቃታውን ሲፍቅ ከርሟል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብሎኑ ታችኛውን ብረት ነክቶ ስለቆመ እጄ "ጠብቋል" ብሎኛል እንጂ መሠረቱን አልያዘውም። ከላይ ጠባቂ፣ ከሥር ተንሳፋፊ። 17ቱ ጥይት የተበተነው በዚህ ነው።

ስለዚህ ብሎኖቹን መጀመሪያ ለኩ። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በየቀዳዳው፣ ቃታውን እየመለሳችሁ ክፈቱ ዝጉ። ቃታው በአንዱ ብሎን ጊዜ ከበድ ካለ ያ ብሎን ረዝሟል ማለት ነው። መሠረቱን ደግሞ ብሎን ሳታስገቡ አስቀምጡትና በጣታችሁ ጥግ ጥጉን ተጫኑት፤ እንደ አንካሳ ጠረጴዛ ከተንቀጠቀጠ ከሥሩ ቀለም ወይም ጉርድ አለ። ብሎን አጥብቆ ሊያስተኛው ይችላል፣ ግን ሐዲዱ ይቀለበሳል፣ የተቀለበሰ ሐዲድ ደግሞ መነጽሩን ያጎብጠዋል።

ቅባቱን በአልኮል ወይም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ጥረጉ፤ ቀዳዳውንም፣ የብሎኑንም ጥርስ፣ የመሠረቱንም ሆድ። ቅባት ካለ ብሎኑ የጠበቀ መስሎ ይሸሻል። ሲደርቅ በመሠረቱ ብሎኖች ጥርስ ላይ ብቻ ሰማያዊውን የብሎን ሙጫ ጤፍ የምታህል ጠብታ አድርጉ። ቀዩን አትጠቀሙ፤ እሱ ያለ እሳት አይላቀቅም። በቀለበቶቹ ብሎኖች ላይ እኔ ምንም አላደርግም። ካቻቢቴው ደግሞ የብሎኑን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን። የሰዓት ካቻቢቴ ያለኝ እኔ እንኳ የአንዱን ብሎን ራስ ልጬ እሱን በሞርሳና በፒንሳ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

የማጥበቁ ልክ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያጠፋው እዚህ ነው። የቀለበት ብሎኖች ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር፣ የመሠረቱ ደግሞ ወደ 2.5 ኒውተን ሜትር ቢጠብቁ ይበቃቸዋል፤ አምራቹ ሌላ ቁጥር ከጻፈ የእሱን ተከተሉ። ይህን የሚለካ ትንሽ ቶርክ ሬንች እኔ ዘንድ አልነበረም፤ የመኪናው ለዚህ አይሆንም። እንግዳው ምን አደረጉ? ጎረቤቴ ማር ሸጭዋ ዘንድ የሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን ተውሰው አመጡ። የአለን ቁልፉን ክንድ ከብሎኑ መሐል 10 ሳንቲሜትር ለክተው ምልክት አደረጉበት፣ የሚዛኑን መንጠቆ እዚያ ላይ ሰቅለው ቀጥ አድርገው ሳቡ። 1 ኪሎ ከ800 ግራም ሲያነብ ቆሙ፤ ይህ 1.8 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ለመሠረቱ 2 ኪሎ ተኩል። ብልሃቱ እንዲህ ቀላል ነው። ያኔ ነው እኔ በረጅሙ ክንድ እስኪያቃስት የጠመዘዝኩት ስንት እጥፍ እንደነበር የገባኝ። የመነጽሩ ቱቦ ላይ የቀለበቱ ጠርዝ እንደ ጥርስ ተነክሶ ነበር። ቱቦው ስስ አሉሚኒየም ነው፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ሌላ ቱቦ አለ፤ ሲጨመቅ ያ ውስጠኛው ይያዛል፣ ማስተካከያ ቁልፉን ብታዞሩት አይሰማም።

የቀለበቱ ስፋት ከመነጽሩ ጋር አንድ መሆኑንም እዩ። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ 25.4 ሚሊሜትር ወይም 30 ሚሊሜትር ነው፤ በሰፊ ቀለበት ውስጥ ጎማ ጠቅልሎ ማስገባት የተለመደ ነገር ነው፣ አታድርጉት። ከፍታው ደግሞ የፊተኛው መስተዋት አፈሙዙን ሳይነካ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ከፍ ካለ ጉንጫችሁ ከሰደፉ ይነሳል።

አሁን ወደ ቅንድቡ ጉዳይ። ዓይን ከመነጽሩ ኋላ መራቅ ያለበት ልክ አለ፤ በአደን መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ተኩል እስከ 10 ሳንቲሜትር ነው። እኔ ይህን ያስተካከልኩት ለራሴ አንገት ነበር፣ እኔ ደግሞ አንገተ ረጅም ነኝ። እንግዳው አጎቴን ራሳቸውን አስጠሩ። የቀለበቱ ብሎን ላላ ብሎ መነጽሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲንሸራተት አደረጉና ማጉያውን መጨረሻው ላይ አዞሩት፤ ልኩ የሚጠበው እዚያ ነው። ከዚያ "ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ እንደሚተኩሱ ሆነው ትከሻዎ ላይ ያስቀምጡ፣ ጉንጭዎን ያሳርፉ፣ አሁን ይክፈቱ" አሏቸው። ሲከፍቱ ዙሪያው ጥቁር ከሆነ መነጽሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ አንገት አይንቀሳቀስም። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገሙት።

ሊጨርሱ ሲሉ አጎቴ አንድ ነገር አሉ። "እኔ እኮ ማለዳ የምተኩሰው ጋቢ ለብሼ ነው።" ሁላችንም ዝም አልን። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ ትከሻ ላይ ሲደረብ ሰደፉን በሁለት ሦስት ጣት ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ዓይን ያን ያህል ይርቃል፣ ሰው ሳያውቀው አንገቱን ያሰግጋል። ጥቅምት ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። ጋቢውን አስመጥተን እንደገና ከመጀመሪያው ለካን። ብርድ ልብስም፣ ጃኬትም፣ ካፖርትም ያው ነው፦ በምትተኩሱበት ልብስ ለኩ።

የመስቀሉ መስመር ዓይን ላይ የሚጠራው ከመነጽሩ ኋላ፣ በዓይን በኩል ባለው በሚዞረው ጠርዝ ነው። ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ (ወደ ፀሐይ በፍጹም አይደለም) አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ አይቶ ዞር ማለት፣ ማስተካከል፣ እንደገና ማየት። አፍጥጣችሁ ከቆያችሁ ዓይናችሁ ራሱ አስተካክሎት ያታልላችኋል። ይህም ለተኳሹ ዓይን ነው። እኔ ለራሴ አስተካክዬው ስለነበር የስድሳ ዓመቱ ሰው መስቀሉን እንደ ጭስ ነበር ያዩት የነበረው፤ ዕድሜያቸው ነው ብለው ዝም ብለዋል።

ቀጥሎ ቱምቢ። ከግንበኛ ጎረቤት ቱምቢ ተዋስን፣ በነጭ ክር ከጓሮው ግንድ ላይ አንጠለጠልነው። ንፋስ ስላወዛወዘው ብረቱን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነከርነው፤ ወዲያው ጸጥ አለ። ጠመንጃውን በሞርሳ፣ ቆዳ ከመሐል አድርገን ያዝነውና ከመሠረቱ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ትንሽ ውሃ ልክ አስቀምጠን ቀጥ አደረግነው። ከዚያ በመነጽሩ ውስጥ እያየን የመስቀሉ ቋሚ መስመር ከነጩ ክር ጋር አንድ እስኪሆን ቱቦውን ብቻ አዞርነው። የእኔ የጥቅምቱ ሥራ ከክሩ ጋር ሲተያይ እንደ ሰከረ ምሰሶ ዘሞ ነበር። በ100 ሜትር ይህ ብዙ አይታወቅም። ሩቅ ሲሆንና ለጥይቱ መውደቅ ከፍ አድርጋችሁ ስታልሙ ግን ጥይቱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ እናንተ ደግሞ ንፋሱን ትረግማላችሁ።

ሲጠብቅ መነጽሩ ይዞራል። ይህንን ማንም አይነግራችሁም። ስለዚህ እንደ መኪና ጎማ ብሎን በመስቀል፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቃችሁ በየመሐሉ ወደ ክሩ ተመለሱ። የቀለበቱ ክዳን ግራና ቀኝ ያለው ክፍተትም እኩል ይሁን። እኛ አራት ጊዜ አላልተን አራት ጊዜ አጥብቀናል። ሲያልቅ እንግዳው ከልጄ የጥፍር ቀለም ለምነው በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ ወደ ቀለበቱ የሚሻገር ቀይ መስመር ሳቡ። ብሎን ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ቁልፍ ሳትነኩ በዓይን ታዩታላችሁ።

የካቲት ላይ ተመልሰን ገንዳ ውኃ ወረድን። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ያ ቆላ ከ1,000 ሜትር በታች፤ አየሩ እየወፈረ ሲሄድ ጥይቱን የበለጠ ይይዘዋል። በ100 ሜትር ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፣ በ300 ሜትር ግን ይገባል፤ መጨረሻውን የምታስተካክሉት በምታድኑበት አገር ይሁን የምለው ለዚህ ነው። መንገዱም ራሱ ፈታኝ ነው። እንግዳው እንደሚሉት በአደን ካምፕ አንድም ጠመንጃ ከአውሮፕላን ወርዶ ወረቀት ላይ ሳይተኮስ ጫካ አይገባም።

የጤፍ ከረጢት አሸዋ ሞልተን ከእንጨቱ ሥር አደረግነው፤ አፈሙዙ አሸዋም ቢሆን ምንም እንዳይነካ። ቃታውን አውጥተን፣ 25 ሜትር ላይ ያለውን ካርቶን በባዶው አፈሙዝ ቀዳዳ ውስጥ አይተን መሐል አስገባነው፣ ከዚያ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ በቁልፎቹ ብቻ መስቀሉን ወደዚያው ነጥብ አመጣነው። ይህ ጥይት አያስወጣም፣ ግን ብዙ ጥይት ያድናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ካርቶኑ ላይ ነበሩ፤ 9 ሳንቲሜትር ዝቅ፣ 4 ሳንቲሜትር ወደ ግራ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የብዙ አደን መነጽር አንድ "ቀጭ" (ማስተካከያ ቁልፉ ሲዞር በጣት የምትሰማው አንዷ እርምጃ) በ100 ሜትር ጥይቱን 7 ሚሊሜትር ያህል ይወስዳል። በ25 ሜትር ሩቡን፣ 1.8 ሚሊሜትር። ስለዚህ 90 ሚሊሜትር ለመውጣት 50 ቀጭ፣ 40 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ለመሄድ 22 ቀጭ። (መነጽራችሁ በ100 ሜትር 1 ሳንቲሜትር የሚል ከሆነ ሒሳቡ ይበልጥ ይቀላል።) ቁልፉ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው ጥይቱ የሚሄድበትን እንጂ መስቀሉ የሚሄድበትን አይደለም፤ እኔ ጥቅምት ላይ ግማሹን ጥይት በተቃራኒው ሳዞር ነው የጨረስኩት። 25 ሜትር ላይ ደግሞ ልክ መሐሉን አትፈልጉ፦ መነጽሩ ከአፈሙዙ በላይ ስለሆነ እዚያ 1 ሳንቲሜትር ተኩል ዝቅ ካለ በ100 ሜትር መሐል ይገባል።

በአንድ ጥይት አታርሙ። ሦስት ተኩሱ፣ የሦስቱን መሐል ውሰዱ፣ አፈሙዙ በእጅ እስኪያዝ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አርሙ። ቅባት ካለው አፈሙዝ የምትወጣዋን የመጀመሪያ ጥይት አትቁጠሯት። ጥይቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ክብደት ይሁን።

እኛ ይህን ሁሉ አድርገን 100 ሜትር ላይ ስንሄድ ሦስቱ ጥይት አሁንም ተበተነ። ቀዩን መስመር አየሁ፣ አንዱም አልተሰበረም። ያኔ ነው እንግዳው "እንግዲህ አሁን መነጽሩን መክሰስ እንችላለን" ያሉት። አንድ ፈተና አደረግን፦ በአንድ ነጥብ ላይ እያለሙ ተኩሰው 20 ቀጭ ወደ ላይ፣ ተኩሰው 20 ወደ ቀኝ፣ ተኩሰው 20 ወደ ታች፣ ተኩሰው 20 ወደ ግራ። ደህና መነጽር አራት ማዕዘን ሠርቶ አምስተኛዋን ጥይት ወደ መጀመሪያዋ ቀዳዳ አጠገብ ይመልሳል። የእኛው የሠራው አራት ማዕዘን ሳይሆን የፍየል ቀንድ ነበር። ውስጡ ሞቷል። በእኔ መጭመቅ ይሁን ከመጀመሪያው እንዲያ ሆኖ መጥቶ ይሁን አልለየሁም። የገዛንበት ሱቅ "ኦሪጅናል ነው፣ የተመለሰብን የለም" ብሎ ሸኝቶናል፤ ደረሰኝም አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ መነጽር የምገዛው ብርማ ሳጥኑን አይቼ አይደለም፤ በትልቅ ጥይት ርግጫ የተፈተነ መሆኑን ጠይቄ፣ ቁልፉን አዙሬ እያንዳንዷ ቀጭ በጣቴ ስትሰማኝ፣ ጭንቅላቴን ከኋላው ወዲያ ወዲህ ሳደርግ መስቀሉ ከዒላማው ላይ የማይንሸራሸር ሲሆን ነው።

ሁለተኛው መነጽር ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ ነው። መጋቢት ላይ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ካርቶን። 25 ሜትር ላይ ስድስት ጥይት፣ 100 ሜትር ላይ ሦስት፤ 6 ሳንቲሜትር ወደ ግራ ስለነበረ 8 ቀጭ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ሦስት። በጠቅላላ 12። አጎቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር፣ በዚያ ሙቀት፣ ላባቸው እየወረደ። "በለካችሁኝ ልብስ ነው የምተኩሰው" ብለው አላወልቅም አሉ።

ወረቀቱን ነገር ሳልነካ አላልፍም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ሱቄ ደጃፍ ላይ እንዲያርፍ አልፈቅድም፤ ወረቀቱን ሳላይ ነጠላውም አይፈታም። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ላይ ለማለም የሚያስብ ካለም እኔ ዘንድ አይምጣ። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው ከዚህ ማዶ ስሜን ላይ ብቻ ነው።

አጎቴ አሁን ርቀው አይሄዱም። መስከረም በመጣ ቁጥር ግን፣ ክረምቱ አልፎ እርጥበቱ ሲደርቅ፣ ጠመንጃውን ባዶ አድርገው፣ ቃታውን በኪሳቸው ይዘው ሱቄ ይመጣሉ። የሰዓት ማያ ሌንሴን ዓይኔ ላይ አድርጌ ስምንቱን ቀይ መስመር አንድ በአንድ አያለሁ። እሳቸው ቡናቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አምና አንደኛው፣ የኋላው ቀኝ፣ የጸጉር ያህል ተሰብሮ አገኘሁት። ስነግራቸው ሲኒውን አስቀምጠው ቅንድባቸውን ዳሰስ አደረጉና "ማር ሸጭዋን ጥራት፣ ሚዛኑን ታምጣ" አሉ።